ሁለቴ የሚጀምር ክረምት

አያቴ ማሳ ያማ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አጥር ጥግ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፀሐይ ሲሞቅ ወሬው ስለ ሰው አልነበረም። «የወንዝ ዳሯ ዘንድሮ አኩርፋለች» ይላል። «የጥዱ ሥሯ ደክማለች፣ እስቲ ትረፍ።» «የላይኛዋማ ባቄላ ከተዘራባት ወዲህ ጠግባለች፤ ገብስ ስጣት፣ ካሳፈረችህ እኔ አለሁ።» እኛ ልጆቹ አጠገባቸው ስንጫወት የሚታማው ላም ይሁን ምራት እስኪለይልን ጊዜ ይወስድብን ነበር። አገራችን ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ሜዳውን አንጥቶ የሚያድርበት ደጋ ነው። የአንድ ገበሬ መሬት ሦስት አራት ቁራሽ ነውና እያንዳንዷ ስም አላት፤ ከስሟ ጋር ጠባይዋም ይታወቃል።

ትምህርት ቤት ስገባ አፈር ጠባይ እንደሌለው ተማርኩ። የሳይንስ መምህራችን አንድ እፍኝ አፈር ውኃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ጨመሩ፣ አናወጡት፣ መስኮት ላይ አስቀመጡት። በማግሥቱ ከታች አሸዋ፣ ከላዩ ደለል፣ ከዚያ በላይ ሸክላ ተደርድሮ አገኘነው። በደብተራችን ሳልነው፤ ቀስት እያሰመርን ስሙን ጻፍን። ውኃው አናት ላይ ግን ጥቁር ብናኝና የሥር ቁርጥራጭ ሰፍፎ ነበር። አንዱ ልጅ «ይኼስ?» ሲላቸው «እሱ ቆሻሻ ነው፣ አትሳሉት» አሉ። አልሳልነውም። ፈተና ላይም አልመጣም።

ዛሬ የአፈር ሊቃውንትን እንቅልፍ የሚነሳቸው ያ ያልሳልነው ነገርና በእሱ ላይ የሚኖረው ፍጥረት ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጤናማ የእርሻ አፈር ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ፣ በሜትር የሚለካ የፈንገስ ክር፣ እነዚህን እየበላ የሚኖር ሌላም ረቂቅ ተሕዋስ አለ። ገለባውን፣ የሞተውን ሥር፣ እበቱን የሚያፈርሱት እነርሱ ናቸው፤ ሲያፈርሱም ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ሰብል ሊጠጣው በሚችል መልክ ይለቁታል። ጤፍም ገብስም ከሥራቸው ጋር ተጠላልፎ የሚኖር ፈንገስ አላቸው። ፈንገሱ ሥሩ ከማይደርስበት ፎስፈረስና ውኃ ያመጣል፤ ሥሩም ቅጠሉ በፀሐይ ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከደረቅ መሬት የሚነሳው፣ እርጉዝ ሴት የሚያምራት ያ ሽታ እንኳ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ሥራ አለበት። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በ1943 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከእነዚሁ ወገን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በዚያ መርፌ የዳነ ብዙ የደጋ ሰው አለ፤ መድኃኒቱ ከአፈር የወጣ መሆኑን የነገረው ግን ያለ አይመስለኝም።

አያቴ ይህን አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ጊዜውን ነው።

በዚያ ዘመን የበልጉ ካፊያ የካቲትና መጋቢት ላይ መሬቱን ያለሰልሳል፤ ለበልግ ገብስ የሚሆነው ማሳ ላይ ይዘራል፣ ሌላው ታርሶ ይጠብቃል። ግንቦት ይደርቃል። ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ዘር ከጎታ ለማውጣት ሲጣደፍ፣ አያቴ ሞፈሩን ግድግዳ እንዳስደገፈ ቁጭ ይላል። «የመጀመሪያው ዝናብ የመሬቷ ነው፤ የዘሩ ሁለተኛው ነው» ይል ነበር። ከቀናት በኋላ ሁለተኛው ሲመጣ እጁን እስከ አንጓው ድረስ ትልሙ ውስጥ ይከታል፤ አፈሩን ጭብጥ አድርጎ አፍንጫው ዘንድ ያደርሰዋል፤ መዳፉን ከፍቶ ጓሉ ሲፈረካከስ ያያል። ከዚያ «በቃ፣ በሬዎቹን አምጣ» ይለኛል። ሁለተኛው ዝናብ ይቀራል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አላስታውስም። ዝናቡ ሁልጊዜ ቃል አክባሪ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የሰባ ሰባትን ድርቅ ያየ ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም። በረዶ የደረሰ ገብስ አጭዶት የሄደበትም ክረምት ነበር። ነገር ግን በደህናው ዓመት፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዝናብ መሃል ያለው ርቀት ገበሬ በልቡ ሊይዘው የሚችለው ያህል ነበር።

በዚያ አጭር ጊዜ ከመሬት ሥር ምን እንደሚካሄድ በደንብ ከመረመሩት አንዱ በርች የሚባል ሰው ነው። የሚሠራው ሩቅ አገር አልነበረም፤ ኬንያ ውስጥ ናይሮቢ አጠገብ፣ ሙጉጋ የሚባል ቦታ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ደርቆ የከረመ አፈር ውኃ ሲነካው በድንገት ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚተነፍስ፣ አብሮም ናይትሮጅን እንደሚለቅ አሳየ። ድርቀቱ በረዘመ ቁጥር ልቀቱ ይበረታል። በጋው ከባክቴሪያዎቹ ብዙውን ይገድላል፤ የተረፉት በአፈር ቅንጣት መሃል ተሸሽገው ይቆያሉ። ዝናብ ሲመጣ የሞቱት አካል፣ ድርቀት ከሰነጣጠቀው ጓል ውስጥ የወጣውም ሁሉ ምግብ ይሆናል። ሁዳዴን የጾመ ቤት የፋሲካ ሌሊት ዶሮው ላይ እንደሚሆነው ይሆናሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ተነስተው ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ከሚያስፈልጋቸው የተረፈውን ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይለቁታል። ይህ የሚቆየው ለቀናት ነው። አያቴ ሁለተኛውን ዝናብ ጠብቆ የዘራው ገብስ በቅሎ ሥሩን ሲሰድ፣ ማዕዱ ገና አልተነሳም ነበር። የበርች ስም በአፈር ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ይኖራል። የአያቴን ደንብ የጻፈው የለም።

አሁን ክረምቱ ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ይጀምራል።

ያችኑ መሬት ዛሬ የሚያርሳት አጎቴ ነው። ሰኔ አካባቢ ስልክ ስንደዋወል ከደህንነቱ በፊት የሚቀድመው የሰማዩ ነገር ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን እንደ ጉድ ይዘንባል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ጥርት ያለ ሰማይ። እንደገና ይዘንባል፤ እንደገና ድራሹ ይጠፋል። ሐምሌ ላይ ደግሞ የወሩን ሁሉ በጥቂት ቀን ያወርደዋል። በልጉማ የሚጠበቅ ነገር መሆኑ እየቀረ ነው፤ ቢመጣ እንደ እንግዳ፣ ባይመጣ እንደ ልማድ። ድሮ ሰኔ አንድ ቀን ሰኞ ሲውል «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» ተብሎ ዓመቱ ይፈራ ነበር። አጎቴ አሁን ማክሰኞም ቢውል ያው ነው ይላል።

ተሕዋስያኑ የሚያውቁት እርጥበትን ነው፤ ባሕረ ሐሳብ አያሰሉም። በግንቦቱ ዝናብ ይነሳሉ፣ ይበላሉ፣ ናይትሮጅኑን ይለቃሉ። የሚቀበላቸው ሥር ግን የለም፤ ማሳው ባዶ ነው። ወይም ለዘር የቸኮለ ገበሬ ዘርቶበት፣ ቡቃያው በሚቀጥለው ድርቀት እየጠወለገ ነው። ሲደርቅ እንደገና ይሞታሉ፤ ሲዘንብ እንደገና ይነሳሉ። በእያንዳንዱ ዙር ለዘመናት የተጠራቀመው የአፈሩ ጥቁር አካል ይበላል፣ ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ባዶው ማሳ ላይ የተለቀቀው ናይትሮጅን ናይትሬት ሆኖ ይቀመጣል፤ ናይትሬት ደግሞ ውኃ በሄደበት የሚሄድ ነው። የሐምሌ ዶፍ ሲመጣ ቀላሉ ቀይ አፈር ላይ ያለውን ሥር ወደማይደርስበት ጥልቀት ያሰርገዋል። ዋልካው ላይ ውኃው ይተኛል፤ አየር ያጥራል። ያኔ በአየር ፋንታ ናይትሬት መተንፈስ የሚችሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተራውን ይይዙና ናይትሮጅኑን ጋዝ አድርገው ይበትኑታል። ከጋዞቹ አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን 270 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። እንዲህ ነው የተዛባው ዝናብ የተዛባ ሰማይ የሚወልደው። የእነዋሪ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው አፈር እያፈሱ መደብና ቦይ ሲሠሩ የኖሩት ይህን የተኛ ውኃ ለማስወጣት ነው፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ ሐምሌ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ግን ቦዩም ሞልቶ ይፈሳል።

ገብሱ ቢጫ ሲሆን ለአጎቴ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ዩሪያ ጨምር።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያስወጣው የአገራት የአየር ንብረት መግለጫ እንደሚለው፣ ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ብሏል፤ የሞቃት ሌሊቶች መጨመር ከሞቃት ቀናቱ ይበልጣል። 1.3 ዲግሪ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሹራብ አያስወልቅም። አፈር ውስጥ ላለው ግን ሌሊቱ ትልቅ ነገር ነው። የደጋ አፈር ጥቁርና ወፍራም ሆኖ የኖረበት አንዱ ምክንያት ብርዱ ነው፤ ቅዝቃዜው በላተኞቹን ስለሚያፈዛቸው የሚጨመረው ከሚበላው ይበልጥ ነበር። ሌሊቱ ለዘብ ሲል እነርሱም ሌሊት መሥራት ይጀምራሉ። በፓናማ ጫካ ውስጥ ተመራማሪዎች ማሞቂያ መሬት ውስጥ ቀብረው አፈሩን በ4 ዲግሪ ሲያሞቁት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 55 በመቶ ጨመረ፤ ውጤቱ የታተመው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ደጋ የፓናማ ጫካ አይደለም፤ የአጎቴም ማሳ በዚያ ፍጥነት አልሞቀም። የሚሄድበት አቅጣጫ ግን ያው ነው።

ለእውነቱ ከሆነ ሙቀቱ ያመጣው ሲሳይም አለ። አያቴ ከገብስ በቀር ሌላ ሊዘራባት ባልደፈረው በላይኛዋ ማሳ አጎቴ ስንዴ ያመርታል፤ ከእሱ በታች ያሉት ጤፍ እየሞከሩ ነው። ሕፃናቱ እኛ እንደቆረፈደን አይቆረፍዱም። ይህን ያየ ሰው «አየሩ ተሻሻለ» ቢል አይፈረድበትም። ጥቁሩ አካል በፍጥነት ሲበላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰብሉን ይመግባልና የሚታየው ጥጋብ ነው። ማነሱ የሚታወቀው ቆይቶ፣ ዋልካው ሲጠነክርና ውኃ መያዝ ሲያቅተው ነው።

ስለ ባቄላ ሳልናገር ብቀር አያቴ ይታዘበኛል። የእሱ ሕግ ባቄላ ከተነሳበት መሬት ላይ ገብስ መዝራት ነበር፤ ገብስ በገብስ ላይ የሚደጋግመውን «ምቀኛ» ይለዋል፣ በገዛ መሬቱ ላይ የሚመቀኝ። በነቀላ ጊዜ የባቄላውን ሥር ስንነቅል ትናንሽ እብጠቶች ተያይዘው ይወጣሉ። በጥፍራችን ስንከፍላቸው ውስጣቸው ቀይ ነበር። ደም መስሎን «ባቄላው ቆሰለ» እንባባላለን። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልሪገል በ1886 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረገው፣ በእነዚያ እብጠቶች ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለባቄላው ምግብ ያደርጉለታል፤ ቅላቱም ኦክሲጅን የሚቆጣጠርላቸው፣ ከእኛ ደም ቀለም ጋር ዝምድና ያለው ነገር ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። የተመቸው ባቄላ በአንድ ሄክታር ላይ ከሁለት ኩንታል ዩሪያ የማያንስ ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል፤ ከፊሉም በሥሩና በርጋፊው ለገብሱ ይቀራል። ደረሰኝ የለው፣ ወረፋ የለው፣ የዕዳ ማስፈረሚያ የለው።

መመቸቱ ነው እንግዲህ ነገሩ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ባቄላ በሌለበት ጊዜ አፈር ውስጥ በራሳቸው ይኖራሉ፤ የላይኛው አፈር ሲግልና ሲደርቅ ቁጥራቸው ይመናመናል። ሥሩ ውስጥ ከገቡም በኋላ ሰብሉ ውኃ ሲጠማ መጀመሪያ የሚቆመው የእነርሱ ሥራ ነው። ኮምጣጣ አፈርም አይስማማቸውም። በቅርብ ዓመት ከአጎቴ ጋር ሆነን ያበበ ባቄላ ነቅለን አየን። እብጠቶቹ ጥቂት ነበሩ፤ ስንከፍላቸው ያገኘነው አረንጓዴና ነጭ ነው፤ ያ ማለት አይሠሩም ማለት ነው። «ጋሼ፣ ይኼ ድሮ ቀይ አልነበረም?» አልኩት። «ድሮ ዝናብም ነበረ» አለኝ። በዚያ ላይ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው ቅጠሉን የሚያሳብጥ የባቄላ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ባቄላን ተወ። አሁን ስንዴ በስንዴ ላይ ነው። አያቴ ቢነሳ አገሩ ሁሉ ምቀኛ ሆኖ ያገኘው ነበር።

በባቄላው ፋንታ የመጣው ከረጢቱ ነው። ማዳበሪያ በአርሲ ጭላሎ በ1960ዎቹ መስፋፋት ጀምሮ ወደ እኛ ዘንድ ሲደርስ እኔ ልጅ ነበርኩ። አያቴ ዳፑን በጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰውና እንትፍ አለ። ገብሱ ግን ከረጢቱን ወደደው፤ አያቴም የወደደውን አልከለከለውም። ማዳበሪያን የሚያማ ሰው አይደለሁም፤ ብዙ አፍ በልቶ ያደረው በእሱ ነው። የምታዘበው ከረጢቱ ሲመጣ ስለ ተሕዋስያኑ ማሰብ እንዳበቃለት መቆጠሩን ነው። ዩሪያ ራሱ ያለ እነርሱ አይሠራም፤ ሰብል ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ የሚለውጠው ተሕዋስያን የሚያመነጩት ኢንዛይም ነው። ዝናብ ሲዘገይና ላዩ ሞቅ ባለ እርጥብ አፈር ላይ የተበተነ ዩሪያ ደግሞ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። አጎቴ ማሳው ላይ ቆሞ አፍንጫውን የሚወጋው ሽታ የገዛ ገንዘቡ ነው። እሱ ይህን ሲረዳ ከምክር ሰጪዎቹ ቀድሟል፤ ሰማዩ ካልጠቆረ በቀር ከረጢት አይፈታም።

ድሮን እንዲህ ሳሞግስ የሚሰማ ሰው አያቴን ጻድቅ እንዳያደርገው ጓይን ላንሳ። በአካባቢያችን ሣር የበላውን መሬት አርሰው፣ ጓሉን ያደርቁትና ክምር ክምር ያደርጉታል፤ ውስጡ እበት ይከቱና እሳት ይለኩሱበታል። አፈሩ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይጨሳል፤ ተራራው ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ከዚያ የተቃጠለውን አፈር በትነው ገብስ ይዘሩበታል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ የሰው ወገብ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ደህና ነው፤ ከዚያ ምንም የለም። ሳህለመድኅን ሰርጹና ፔድሮ ሳንቼዝ በ1978 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ልማድ መነሻ አድርገው ባሳተሙት ጥናት፣ ሙቀቱ ለጊዜው የሰብል ምግብ ቢለቅም ሲበረታ ሸክላውን የአሸዋ ጠባይ እንደሚያስይዘው አሳይተዋል። ተሕዋስያኑንማ ማን ይጠይቃቸው፤ አብረው ተጠብሰዋል። ልማዱን ያኖረው አንድ ነገር ነበር፤ ጓይ የተደረገበት መሬት ለብዙ ዓመታት ያርፋል። ሣር ይለብሳል፣ ከብት ይውልበታል፣ የሞተው ይመለሳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሁሉም ድርሻውን አገኘ፤ ልጆች ተወለዱ፤ ድርሻው ለልጆች ተከፈለ። መሬት ትረፍ የሚለው ቃል ከአካባቢው ጠፋ። ዛሬ «የጥዱ ሥሯ ደክማለች» ብትል መልሱ «ማንስ ያልደከመ አለ» ነው።

መፍትሔ ብለው የሚያመጡት ነገር ሁሉ ከንቱ አይደለም። ባቄላውን የሚረዳው ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ተራብቶ፣ ከጥቁር ዱቄት ጋር ተለውሶ በትናንሽ ከረጢት ይመጣል፤ ዘሩን በስኳር ውኃ አርሰው ይቀቡታል፣ ጥላ ሥር ያደርቁትና ወዲያው ይዘሩታል። ዋጋው ከዩሪያው ጋር አይወዳደርም፤ በሚመቸው ማሳ ላይ ባቄላው ሲጠቁር በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ ዕቃው ሕያው መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ አጎቴን ይዤ ልናመጣ ወደ አንድ መጋዘን ሄድን። ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሰዓቱ ቀትር ነው፤ ከረጢቶቹ ከማዳበሪያው ክምር አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ዝቅ ብለው ተደርድረዋል። እኔ ፊቴ ላይ ላብ ችፍ እያለ «እነዚህ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አይፈልጉም?» ብዬ ጠየቅሁ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ትሑት ነው፤ «ጊዜያቸው አላለፈም፣ ይኸው ላዩ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ገዛን፤ አጎቴም ዘራው። ያ ባቄላ ከሌላው አልተለየም። በሚቀጥለው ዓመት ዱቄቱ በሙሉ «አይሠራም» ተብሎ በመንደሩ ተፈረደበት። የሞተ ባክቴሪያ ለፍርድ የሚቀርብበት አገር ሌላ ቦታ መኖሩን እንጃ።

እስካሁን ካየሁት የተሻለው መድኃኒት ፍግ ነው፤ ይህንንም የሚክድ የለም። እበት ወደ ማሳ ሲመለስ ተሕዋስያኑን ይመግባል፣ ጥቁሩን አካል ይተካል፣ አፈሩ ውኃ ይይዛል፤ ዝናቡ ሲቋረጥ ድርቀቱ ቶሎ አይደርስባቸውም፣ ዶፉም ሲወርድ ውኃው ይሰርጋል። ክረምቱን ሁለቴ ከመጀመር አያግደውም፤ መሃሉን ግን ያቻችላል። ይህን ለማስተማር አንድ ጊዜ በቀበሌው አዳራሽ ሥልጠና ተጠራ። እኔ ለጥየቃ ሄጄ ስለነበር አብሬ ገባሁ። አሠልጣኙ ወጣት፣ አንደበቱ የተባ ነው። ፎቶግራፍ ያሳያል፤ ኩበት ማንደድ ማለት የነገን ምርት ማንደድ ማለት ነው እያለ ያስረዳል። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ሰሙት፤ ከነሱ መሃል አንዱም ኩበት ጠፍጥፎ አያውቅም።

ከኋላ በኩል፣ ከሴቶቹ መሃል፣ የአጎቴ ሚስት ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልጄ፣ እበቱን ለማሳው ልስጥ፣ እሺ» አለችው። «ባሕር ዛፉን ለቤት መሥሪያ ለከተማ ሸጠነዋል፤ ለግብሩና ለልጆቹ ደብተር። ያንን ኩበት ደግሞ ከምድጃ የተረፈውን ገበያ እወስደዋለሁ፤ ጨውና ሳሙናው ከእሱ ነው። ምጣዱን በምን ላሙቀው? በሥልጠና?»

አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙም ሳቀ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ማስታወሻው ላይ «የማገዶ እጥረት» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት። ወዲያው ምሳ ደረሰ ተባለና ሴቶቹ አቀረቡ። በኩበት የተጋገረ እንጀራ ነው፤ አሠልጣኙም እኔም ደገምነው።